በሻንጋይ የቀሩት ስድስት ቀኖች

«የለም፣ ገና አልሰማም። ነገ ጠዋት ነው የምናረዳው። ጋሼ አክሊሉም እስካሁን አላለቀሱም። እሱ ሳይሰማ እኔ እንባ አላወጣም ብለው ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ታክሲያቸውን እየነዱ ነው።»

አለልኝ ይህን የሰማው ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። ሚስቱ ፋና የስልኩን ገመድ እስከ ማቀዝቀዣው ጀርባ ጎትታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታወራለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ ግን እዚህ ሚኒሶታ፣ ሮቢንስዴል የተከራዩት ቤት ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሹክሹክታ አይሠራበትም። ሌላ ሰው ቢሆን «ማን ሞተ?» ብሎ ይጮህ ነበር። አለልኝ ግን በእግሩ ጣቶች ወደ መኝታ ቤት ተመለሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማን እንደሞተ ያውቃል። የሞቱት እናቱ ናቸው። ካወቀ ስምንት ቀኑ ነው፣ ከቻይና የተመለሰው ደግሞ ትናንት ማታ ነው።

የሰማው ሻንጋይ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሆቴሉ ምድር ቤት ካለች የስልክ ክፍል ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ የደወለው ለጉራ ነው። ከመሄዱ በፊት እናቱ «ሂድ፣ በደንብ እይና ትነግረኛለህ» ብለውት ነበር፤ እሱም የሚነግራቸውን በወረቀት ጽፎ፣ ከየት እንደሚደውል እንዲገምቱ ሊጠይቃቸው አስቦ፣ ብቻውን እየሳቀ ቁጥሩን አስመታ። ስልኩ የጎረቤት ነው። ባለስልኳ ሴትዮ ድምፁን እንደለየች «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አለችው። ሰምቶ የደወለ መስሏት ነው እንጂ መርዶ በስልክ የምትናገር ሴት አይደለችም። ሚኒሶታ ያሉት ዘመዶቹ ተሰብስበው፣ በማለዳ በሩን አንኳኩተው፣ እንደ ደንቡ አርድተውታል ብላ ገመተች። ቀብሩ ላይ ስንት ሰው እንደነበር፣ ድንኳኑ የት እንደተተከለ ስትነግረው ቆይታ ዝምታው አስደነገጣት። «አልሰማህም እንዴ?» አለች። «ሰምቻለሁ» አላት። የመጀመሪያው ውሸት ይኸ ነው።

ወደ ላይ ሲወጣ አስጎብኚዋ ትንሿን ባንዲራዋን ይዛ አውቶቡሱ በር ላይ ሰዎቿን ትቆጥራለች። የጎደለው እሱ ብቻ ነበር። ገባ። ከጉብኝቱ ስድስት ቀን ይቀር ነበር፤ ቲኬት ይቀየር እንደሆነ ማንንም አልጠየቀም። ቀብሩ አልፏል፣ ብመለስም አላገኛትም አለ ለራሱ። እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱ ይህ አልነበረም። ምክንያቱ ከተማዋን ማየት መፈለጉ ነው። ደስ እያለው ነበር፣ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው። ደግሞም ሰው ሐዘንተኛ የሚሆነው ሰዎች መጥተው ሲያረዱት ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ከሚኒሶታ ከተሞች፣ ከሴንት ክላውድና ከኩን ራፒድስ የመጡ ጡረተኛ ፈረንጆች ናቸው፣ ማን ያርዳው? ለእናቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ጺሙን አለመላጨት ብቻ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ አሳደገውና፣ ሲመለስ ቶኪዮ አየር ማረፊያ ሽንት ቤት ገብቶ ሙልጭ አድርጎ ተላጨው። ፋና ብታየው ማወቁን ታውቅበት ነበር።

ወደዚያ አገር የወሰደው ዕጣ ነው። ፕሊማውዝ ከተማ የሚሠራበት ፋብሪካ የገና ግብዣ ላይ ዕጣ አውጥቶ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን የአሥር ቀን የሻንጋይ ጉብኝት ለአለልኝ ደረሰው። በማግስቱ ቢሮ ገብቶ «ወደ አዲስ አበባ ቀይሩልኝ፣ እናቴን ካየሁ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው» ብሎ ለመነ። አይቻልም ተባለ። ሀበሻው ሁሉ ያወራው ስለ ዕድሉ ሳይሆን ስለ ጭካኔው ነበር፤ የአክስቱ ልጅ እህተማርያም «እናቱ ቁጭ ብላ ቻይና ምን አለው?» ብላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጮክ ብላ ተናግራለች። አፋቸውን ያስያዙት የእናቱ ታናሽ ወንድም ጋሽ አክሊሉ ናቸው። «ተዉት» አሉ። «ይህ ልጅ ሚኒሶታ ከገባ ከፋብሪካና ከበረዶ ሌላ ምን አይቷል? ይይና ይምጣ። እታለምን ለመስከረም አብረን ሄደን እናያታለን።» ታላቅ እህታቸውን እታለም ነው የሚሏቸው። እናቱ ሲሞቱም «ጉብኝቱን ይጨርስ፣ ማንም እንዳይደውልለት» ያሉት እሳቸው መሆናቸውን አለልኝ አሁን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከፋና የስልክ ወሬ ተረዳ።

ልብሱን ለብሶ ወጥ ቤት ሲገባ ፋና ስልኩን ዘግታ ሽንኩርት ላይ ነበረች። «የበረራው ድካም፣ ጄት ላጉ ለቀቀህ፣ አሌ?» አለችው። እንዲህ ባለ ለስላሳ ድምፅ ካናገረችው ዓመታት አልፈዋል። ምድጃው ላይ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ ወለሉ ላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት ጎላ ድስት ተቀምጧል። ጋራዡ ውስጥ ታጣፊ ወንበሮች በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ እግሮቻቸው ግን ከሥር ይታያሉ። ጥቁር ሱፉ ከላውንደሪ መጥቶ በር ላይ ተሰቅሏል። አንድ ሰው ከቻይና ስለተመለሰ ይህ ሁሉ ሽንኩርት አይከተፍም። አለልኝ ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም ያላየ ሰው ሆኖ ቆመ፣ እሷም እሱ እንዳላየ አምና «በል እስኪ ፒክቸሮቹን ፒክ አፕ አድርገህ ና፤ ከሰዓት ጋሼና እህተማርያም ሊጠይቁህ ይመጣሉ» አለችው። ከቤት ልታስወጣው እንደፈለገች ገባው። ዓይኗ ቀልቷል፤ በሽንኩርቱ አሳበበች።

ትናንት ማታ ከአየር ማረፊያ ሲመለሱ ፊልሞቹን መንገድ ላይ ፎቶ ከሚያጥብ መድኃኒት ቤት ጥለዋቸው ነበር። አራት ፖስታ ሰጡት። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ካሜራው ቀኑን በብርቱካንማ ቁጥር ጥግ ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ ደስ አለው፤ ብስክሌቶቹ፣ ድልድዩ፣ የወንዙ ጀልባ በደንብ ወጥተዋል። ከዚያ ራሱን አየ። አብራው የምትጎበኝ አንዲት ጡረተኛ መምህርት «አንተ በራስህ ፎቶ ውስጥ የለህም» እያለች በየቀኑ ካሜራውን ትቀበለውና ታነሳው ነበር። ወሩ በገባ በአሥራ ሰባት ፊቱ ንጹሕ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ጉንጩ ጠቁሯል። በሃያ ሁለት፣ ወደ አንድ ሻይ ቤት በሚያስገባ ድልድይ ላይ፣ ጺሙ ያስፈራል፤ ከጺሙ በላይ ግን ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ፈረንጅ ቢያየው ሰውዬው ለሽርሽር ብሎ አሳደገው ይል ይሆናል፣ ሀበሻ ግን ይህን ፎቶ ማንበብ ያውቅበታል። ሐዘንተኛ መሆኑን ያውቅ የነበረ፣ እያወቀም የሚስቅ ሰው ነው። ጺም ያለባቸውን ዘጠኙን መርጦ አወጣና ከመቀመጫው ሥር ወሸቃቸው።

ጋሽ አክሊሉ አሥር ሰዓት ላይ እህተማርያምን በታክሲያቸው ይዘው መጡ። በሩ ላይ አቅፈውት ከሚገባው በላይ ቆዩ፤ ከዚያ እንደመባነን ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉና «ወፍረሃል፤ ቻይና ተስማምቶሃል» አሉ። ጉንጫቸው ላይ ሦስት ቦታ ምላጭ ቆርጧቸዋል። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይላጩ የነበሩት ሰውዬ ወሬው ከፊታቸው እንዳይነበብ በየጠዋቱ ሲላጩ እንደከረሙ አለልኝ ወዲያው አወቀ። ሁለት የተላጩ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ። እህተማርያም ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ምንጣፉን ታያለች። አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ ዛሬ «እንኳን ደህና ገባህ» ብላ ዝም ማለቷ ብቻውን መርዶ ነበር።

«በል አጫውተን» አሉ ጋሽ አክሊሉ። «ከመጀመሪያው ጀምር። አታሳጥርብን።»

አላሳጠረም። ሲጀምር ቃል እየመረጠ ነበር፤ እየቆየ ግን ከተማዋ ራሷ ይዛው ሄደች። የመጀመሪያው ጠዋት በመስኮት ቁልቁል ሲያይ ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ባለብስክሌቶቹ ቢጫ፣ ሰማያዊና ሮዝ የዝናብ ልብስ ከራሳቸው እስከ ብስክሌቱ መሪ ድረስ አጥልቀው በሺህ ሲያልፉ፣ የሚሄደው ራሱ መንገዱ እንጂ ሰው እንዳልመሰለው ነገራቸው። ከወንዙ ማዶ ክሬን ከክሬን ጋር ተጠላልፎ አዲስ ከተማ ይሠራል፤ ከወንዙ ወዲህ ደግሞ ከየመስኮቱ በወጣ የቀርከሃ ዘንግ ላይ የተሰጣ ልብስ ከእግረኛው አናት በላይ ያንጠባጥባል፣ የውስጥ ሱሪ ሳይቀር። ሰው ቀትር ላይ በፒጃማ ገበያ ይወጣል። «በፒጃማ?» አለች እህተማርያም ሳታስበው። «የተተኮሰ ፒጃማ፣ ከጫማና ከቦርሳ ጋር» አላት። ገበያው ውስጥ እንቁራሪት በመረብ፣ ኤሊ በሳፋ ይሸጣል። ጠዋት መናፈሻው ውስጥ አሮጊቶች ቴፕ ከፍተው ሁለት ሁለት እየሆኑ ይደንሳሉ። እሱን ሲያዩ መንገደኞች ይቆማሉ፤ አንዲት ሴት ፀጉሩን ልትነካ በምልክት ፈቃድ ጠይቃው ጎንበስ አለላት፣ ቀና ሲል ከኋላዋ ሰባት ሰው ተሰልፎ ጠበቀው።

«እንደ መስቀል ተሳለሙህ በለኛ» አሉ ጋሽ አክሊሉና ሳቁ። ፋናም ሳቀች። አለልኝ የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። ይህን ወሬ ሲለማመደው የነበረው ለእናቱ ነው። የዳንሰኞቹን አሮጊቶች ነገር ለእሳቸው ነበር ያስቀመጠው። አሁን ግን ወንድማቸውን ለማሳቅ ይጠቀምበታል፤ ወንድማቸውም የሚስቁት እሱን ለመጠበቅ ነው። አንድ ቀን ተጨማሪ ደስታ ሊሰጡት ብለው አሥራ አንድ ቀን እንባቸውን የዋጡ ሰው ናቸው፤ እሱ ደስታውን ቀድሞ በልቶ ነው የመጣው። «ጋሼ፣ እኔ ሰምቻለሁ» ቢላቸው በቃ፣ አሁኑኑ አልቅሰው ያርፉ ነበር። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ወሬ ነው።

አንድ ቀን ጠፍቶ ነበር። ከቡድኑ ተነጥሎ በጠባብ መንደር ውስጥ ሲዞር ሊመሽበት ሆነ። ደጃፏ ላይ ባቄላ ለምትፈለፍል አሮጊት የክፍሉን ቁልፍ አሳያት፤ የሆቴሉ ስም አለበት። ሳህኗን አስቀመጠች፣ እጅጌውን ያዘች፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየጎተተች ወሰደችው። መንገዱን ሁሉ በቻይንኛ ስትቆጣው ነበር። አንዲት ቃል አልገባውም፣ ግን የእናት ቁጣ ምን እንደሚል ያውቀዋል። ሆቴሉ በር ላይ ስትደርስ ኮሌታውን አስተካከለችለትና ተመለሰች።

«ስንት ዓመት ይሆናታል?» አሉ ጋሽ አክሊሉ።

«እማዬን ታክላለች» አለ አለልኝ። «በቁመት እማዬ ትበልጣታለች።»

ይህን ባይል ይሻል ነበር። እህተማርያም ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ የቧንቧው ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ተሰማ። ጋሽ አክሊሉ መስኮቱን እያዩ «አዎ፣ እታለም ረዥም ናት» አሉ። ፋና የመጠጥ በረዶ አልቋል ብላ የመኪናውን ቁልፍ አንስታ ወጣች። የእሷን መኪና ታክሲው ስለዘጋባት የእሱን ነው የያዘችው። አለልኝ ሞተሩ ሲነሳ የወሸቃቸው ፎቶዎች ትዝ አሉት፤ ግን እንዴት ብሎ ይነሳል? በረዶ የሚሸጥበት የነዳጅ ማደያ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ፋና የተመለሰችው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። የበረዶው ከረጢት ግማሹ ውኃ ሆኗል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተተችና ከዚያ በኋላ ማታውን ሙሉ ፊቱን አላየችውም።

ሊሄዱ ሲሉ አለልኝ አጎቱን እስከ ታክሲያቸው ሸኛቸው። ገና ጀምበር አልጠለቀችም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት እፈልጋለሁ» አላቸው። ጋሽ አክሊሉ ትከሻውን ያዙት። «ነገ ትነግረኛለህ። ዛሬ ቻይናን አሳይተኸኛል፣ ይበቃኛል። ብዙ ቀን ነው እንዲህ ሳልስቅ የቆየሁት። ግባና ተኛ፣ ነገ በጠዋት…» ብለው አቋረጡና «ነገ እሑድ ነው» አሉ። እህተማርያም መኪናው ውስጥ መሐረብ አፏ ላይ አድርጋ ነበር። አለልኝ ያላያት መሰለ።

ገና ሲነጋ መጡ። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። ፋና ቀድማ ተነስታ ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተች። አለልኝ አልጋው ውስጥ ልብሱን ለብሶ ተኝቶ ነበር የጠበቃቸው፤ እስኪጠሩት ድረስ ግን ተጋድሞ ቆየ፣ ከዚያ ዓይኑን እያሸ ወጣ። ያቺ ዓይን ማሸት ከሁሉ ውሸት የከፋችው ነበረች። ሶፋው መሀል አስቀመጡትና ግራና ቀኝ ሁለት ወንዶች ተቀመጡ፣ እንዳይወድቅ። ጋሽ አክሊሉ ፊት ለፊቱ ቆሙ። አልተላጩም።

«አለልኝ» አሉ። «እታለም…» ከዚያ በላይ አልቻሉም። ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ፤ ከውስጣቸው የወጣው ድምፅ የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም። ሴቶቹ አብረዋቸው ጮኹ። ሊይዙት የተዘጋጁት ሁለቱ ወንዶች እሱን ትተው ጋሽ አክሊሉን ለማንሳት ተነሱ። አለልኝ አልወደቀም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቁጭ አለ። እህተማርያም «ምስኪን፣ ምንም ሳይሰማ ትናንት እንዴት ሲስቅ ነበር» እያለች ደረቷን ትመታለች።

ፋና ጥቁር ጋቢ አምጥታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ለማጽናናት የምታቅፈው መስላ ጎንበስ አለችና መዳፏን ጉንጩ ላይ አሳረፈች፣ እዚያ የተላጨው ቦታ ላይ።

«ለምን ተላጨኸው?» አለችው በጆሮው። «አይቻቸዋለሁ። ለጋሼ አንተ ነህ የምትነግራቸው፣ እኔ አልነግርም።»

ቀና ሲል ሰዎቹ ጋሽ አክሊሉን ወንበር ላይ አስቀምጠው ውኃ ሲያጠጧቸው አየ። እሳቸው ብርጭቆውን በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ እያለቀሱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። «እኔ ነኝ እንዳይነግሩህ ያልኩት። አሥራ ሁለት ቀን ደበቅኩህ። ትንሽ ደስ ይበለው ብዬ ነው፣ ይቅር በለኝ።» እንዲህ ሲባል ሐዘንተኛው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፣ ለቅሶው ይቀጥላል። ሁሉም ያንን ጠበቁ።

«ሰምቼ ነበር፣ ጋሼ» አለ አለልኝ።

«ምኑን?»

«እማዬን። በአራተኛው ቀን። አዲስ አበባ ደውዬ ሰምቼ ነበር።»

የእህተማርያም እጅ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ጋሽ አክሊሉ ቀና ብለው አዩት። አለልኝ ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለገና አጣ፤ የተዘጋጀው ለቁጣ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው እጁን ያዙት፣ እንባቸው በአዲስ ሲወርድ አየው።

«ወይኔ ልጄን» አሉ። «በሰው አገር፣ አንድ ዘመድ ሳይኖርህ፣ ብቻህን ስታለቅስ ከረምክ?»

ሁሉም ሰው ዞሮ አየው። አዎ ቢል ያምኑት ነበር፤ ፋና እንኳ ዝም ትል ይሆናል። አለልኝ የአጎቱን እጅ ይዞ ምንጣፉን አየ።

«አላለቀስኩም፣ ጋሼ» አለ። «ከተማ ሳይ ነበር።»

ጋሽ አክሊሉ እጁን አልለቀቁትም፤ ግን መጨበጣቸውን ተዉ።